ከወንበር እስከ ጅሬን ዳገት፦ የአዛውንት ወላጆችን ጉልበትና ትውስታ አብሮ የማሠልጠኛ መመሪያ

«ኧረ ይቀመጡ፣ እኛ እናመጣዋለን።» ጅማ ውስጥ ይህ ቃል ለአንዲት አዛውንት እናት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚባል ቁጠሩ። አክብሮት ነው፤ በክፋት የሚለው የለም። ግን ገበያውን ልጅ ከሄደላቸው፣ ውሃውን ሌላ ከቀዳላቸው፣ መስጊዱንም ቤተ ክርስቲያኑንም በባጃጅ ከተመላለሱ፣ የቀን እርምጃቸው ከመኝታ እስከ በረንዳ ይሆናል። ጭናቸው ይሳሳል፣ እርምጃቸው ያጥራል። ከዚያ ስም መርሳትና ሒሳብ መሳት ሲከተል «ዕድሜ ነው፣ ጃጁ እኮ» ይባላል። ዕድሜ የራሱ ድርሻ አለው። መቀመጡም ድርሻ አለው፤ በእጃችሁ ያለው ደግሞ ይሄኛው ነው።

መመሪያው የ12 ሳምንት ሲሆን የተጻፈው ከአዛውንት ጋር ለሚኖር ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። «እማማ» ስንል ለአባባም ያው ነው። የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው፦ የማይንሸራተት ጠንካራ ወንበር፣ ሰዓት መቁጠሪያ ያለው ስልክ፣ ሜትር፣ ጠመኔ፣ ደብተር፣ ሁለት ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ።

ጉልበትን ከትውስታ ምን አገናኘው?

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ከምንተነፍሰው ኦክስጅን አንድ አምስተኛውን ገደማ ይወስዳል። ይህን የሚያደርሱለት ደቃቅ የደም ሥሮች ናቸው፤ የደም ግፊትና ስኳር ቀስ በቀስ የሚያበላሹትም እነዚያኑ ሥሮች ነው። ትንፋሽ የሚያፈጥን እርምጃ ግፊቱንም ስኳሩንም ያወርዳል። በተጨማሪም ሰውነት ሲንቀሳቀስ የነርቭ ሕዋሳትን የሚያጠነክርና ግንኙነታቸውን የሚያግዝ ቢዲኤንኤፍ የሚባል ፕሮቲን ይጨምራል።

እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት የመርሳት በሽታ የሌለባቸውን 120 አዛውንት ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ግማሾቹ በሳምንት 3 ቀን በፍጥነት ተራመዱ፤ የቀሩት ሰውነታቸውን ማፍታታትና መሳሳብ ብቻ ሠሩ። ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል አዲስ ነገር የሚመዘገብበትና መንገድ የሚታወስበት ነው። ይህ ክፍል በተራማጆቹ 2 በመቶ ሲያድግ በሌሎቹ 1.4 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ሁሉ ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም፤ ስለዚህ «በ3 ወር ትውስታ ይመለሳል» የሚላችሁን ሰው አትመኑ። የመርሳት በሽታ አንዴ ከያዘ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2018 እንግሊዝ ውስጥ ታትሞ የወጣ፣ 494 ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ጠንከር ያለ ስፖርት ጉልበታቸውን ቢያሻሽልም የማስታወስ ችሎታቸው መድከሙን እንዳላዘገየው አሳይቷል። ስለዚህ የሚሻለው ቀድሞ መጀመር ነው። የያዛቸውም ቢሆኑ በራሳቸው ከወንበር ተነስተው መጸዳጃ ቤት መሄድ ከቻሉ ይህ ለቤቱ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው።

ደረጃ 1፦ ሳይጀመር የሚመረመር

ግፊት ይለካ። ቁጭ ብለው 5 ደቂቃ ካረፉ በኋላ ላይኛው 180 ወይም ታችኛው 110 ከደረሰ በዚያ ቀን ስፖርት የለም፤ ወደ ጤና ባለሙያ ይኬዳል። ግፊቱ ደህና ቢሆንም አንድ ነገር ይቀራል፤ ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋው እሱን ነው። እማማ 5 ደቂቃ ተጋድመው ይለኩ፣ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለኩ። ላይኛው በ20 ወይም ታችኛው በ10 ከወረደ፣ ወይም ዓይናቸው ከጨለመ፣ ቆመው ሲሄዱ የመውደቅ አደጋ አለባቸው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ውሃ ማነስ ወይም መድኃኒት ነው፤ ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አንዱ ነው። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ቁጥሩን ይዛችሁ ላዘዘው ሐኪም አሳዩ።

ስኳር ያለባቸው ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ከወሰዱ ከመውጣታቸው በፊት ይለኩ። ከ100 በታች ከሆነ መጀመሪያ አንድ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ ይብሉ። ከ70 በታች ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ፤ የዚያን ቀን ስፖርት ተዉት። በየምሽቱ የእግራቸውን መዳፍና የጣቶቻቸውን መሐል እዩ፤ ነርቩ የደነዘዘ እግር ጫማ ሲልጠው አይሰማውም።

ደረት ላይ ጭምድድ የሚያደርግ ሕመም፣ በትንሽ እርምጃ ትንፋሽ ማጠር፣ የእግር ማበጥ ወይም በቅርብ ጊዜ መውደቅ ካለ ሐኪም ሳያያቸው አትጀምሩ። ዓይንና ጆሮም ይታይ። የዓይን ሞራ ያለበት ሰው ጉድጓዱን አያይም፤ ጆሮው የደከመ ደግሞ ከጨዋታ ይርቃል። ሁለቱም፣ ከአለመንቀሳቀስ፣ ከግፊት፣ ከስኳርና ከብቸኝነት ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን ለመርሳት በሽታ ተጋላጭ ያደርጋሉ ከተባሉት 14 ምክንያቶች መካከል ናቸው።

ደረጃ 2፦ አራት ልኬት

ካልለካችሁ በ3ኛው ሳምንት «ምንም ለውጥ የለም» ብላችሁ ትተዉታላችሁ። በአንድ ጠዋት፣ ቁርስ ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ አራቱን ለኩ። ጫት ከተቃመበት ሰዓት በኋላ አትለኩ፤ ጫት ግፊትና የልብ ምት ስለሚጨምር ቁጥሩ ይዋሻል።

የመጀመሪያው ከወንበር መነሳት ነው። መቀመጫው ከመሬት ከ43 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የጅማ እንጨት ጠራቢዎች ሥራ የሆነው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ለቡና እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ዝቅተኛ ነው፣ መደገፊያም የለውም። የፕላስቲክ ወንበር ከዚያም ይብሳል፤ ሊሾ ላይ እግሩ ወደ ውጭ ይከፈታል። ጠንካራ የእንጨት ወንበር ግድግዳ አስደግፉ። እማማ ከመቀመጫው መሐል ይቀመጡ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያጣምሩ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቆመው የሚቀመጡትን ቁጠሩ። ሰዓቱ ሲያልቅ ከግማሽ በላይ ከተነሱ እንደ አንድ ይቆጠራል። በእጃቸው ከተገፉ ዜሮ ጻፉ፤ አትዘኑ፣ መነሻ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሚሠራበት መለኪያ ከ65 እስከ 69 ዓመት ሴት ከ11፣ ወንድ ከ12 በታች ከሆነ፤ ከ70 እስከ 74 ሴት ከ10፣ ወንድ ከ12 በታች፤ ከ75 እስከ 79 ሴት ከ10፣ ወንድ ከ11 በታች፤ ከ80 እስከ 84 ሴት ከ9፣ ወንድ ከ10 በታች ከሆነ የመውደቅ አደጋ እንዳለ ይወሰዳል።

ሁለተኛው፦ ከወንበሩ 3 ሜትር ርቀት ላይ በጠመኔ አስምሩ። «ይሂዱ» ስትሉ ይነሱ፣ በተለመደ እርምጃቸው መስመሩ ላይ ደርሰው ይዙሩ፣ ተመልሰው ይቀመጡ። ምርኩዝ ካላቸው ይያዙ። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ ሚዛንና ጡንቻ ላይ የበለጠ መሥራት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ሚዛን ነው። የአንዱ እግር ተረከዝ የሌላውን አውራ ጣት እየነካ በአንድ መስመር ይቁሙ፤ እናንተ ከጎን ሁኑ። 10 ሰከንድ መቆየት አለባቸው።

አራተኛው ጭንቅላትን ከእግር ጋር የሚፈትን ነው፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚናገረውም እሱ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1997 ስዊድን ውስጥ በአዛውንት ላይ የታየ ነገር አለ፦ እየተራመዱ ሲያነጋግሯቸው ለመመለስ የሚቆሙት ከማይቆሙት ይልቅ በቀጣዮቹ ወራት ይወድቁ ነበር። መራመድ ያለ ሐሳብ የሚሠራ ይመስለናል እንጂ አንጎል ሁልጊዜ ይሠራበታል። ስለዚህ 10 ሜትር ለክታችሁ መጀመሪያ ዝም ብለው ይራመዱ፤ ሰከንዱን ጻፉ። ከዚያ የእንስሳት ስም እየጠሩ በዚያው ይመለሱ። የመጀመሪያው 11፣ ሁለተኛው 14 ሰከንድ ከፈጀ ልዩነቱ 3 ነው፤ 3 ለ11 ሲካፈል 27 በመቶ ግድም። ይህ ቁጥር በ12 ሳምንት ሲጠብ ማየት ነው ሥራው። የጠሩትን እንስሳ ብዛትም ጻፉ፤ አለበለዚያ ዝም ብለው እየፈጠኑ የተሻሻሉ ይመስላችኋል። የእማማን ቁጥር ከጎረቤት ጋር አታወዳድሩ፤ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰውና ጡረታ የወጣ መምህር በዚህ አይተካከሉም።

አራቱም በየ4 ሳምንቱ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጫማ ይደገሙ።

ደረጃ 3፦ እርምጃው

በ2011ዱ ጥናት የተሠራበት አጨማመር ለቤትም ይመቻል፦ በሳምንት 3 ቀን፤ በመጀመሪያው ሳምንት 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመሩ በ7ኛው ሳምንት 40 ደቂቃ ላይ መድረስ። ከዚያ በኋላ ደቂቃው ይቆምና ፍጥነቱ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ላሉ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ሦስቱ ቀን 120 ይሆናል፤ የቀረው 30 ደቂቃ ገበያ፣ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን በእግር በመሄድ ይሞላል። ባጃጁን ሙሉ በሙሉ መተው ከከበደ ከቤት 5 ደቂቃ ሲቀር ይውረዱ።

ፍጥነቱ የሚለካው በወሬ ነው። እማማ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ከቻሉ፣ ግን መዝፈን ካቃታቸው፣ ልኩ እሱ ነው። መዝፈን ከቻሉ እያዘገሙ ነው። ሁለት ቃል ተናግረው አየር ከሳቡ በዝቷል። የልብ ምት በመቁጠር አትመሩ፤ አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚባል የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ልቡ ስለማይፈጥን ቁጥሩ ያታልላል። የመጀመሪያው 3 ደቂቃና የመጨረሻው 3 ደቂቃ ዝግ ያለ ይሁን፤ በአንዴ ቆሞ መቀመጥ ራስ ያዞራል።

መንገድ አመራረጥ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ጥሩ ነው፤ መርካቶ አካባቢ በገበያ ቀን ግን ጋሪው፣ ባጃጁና ሸክሙ እርምጃ ስለሚሰብር ሌላ አቅጣጫ ያዙ። የጅማ ኮብልስቶን ዝናብ ከመታው በኋላ ሙልጭልጭ ነው፤ ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ቦይ ደግሞ በሣር ተሸፍኖ አይታይም። መጀመሪያ ራሳችሁ መንገዱን ሂዱበትና ጉድጓዱን እወቁ። ነጠላ ጫማና ያለቀ ኮንጎ ለዚህ ክልክል ነው፤ ተረከዝ የሚይዝ፣ ሶሉ ስስና ሸካራ የሆነ ጫማ ይሁን። በጣም ወፍራም ስፖንጅ ያለው ስኒከርም መሬቱ እንዳይሰማቸው ስለሚያደርግ ሚዛን ያዛባል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሲበዛ እቅዱ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። በረንዳ ወይም ኮሪደር ላይ 10 ሜትር ለክታችሁ አመላልሱ፣ ወይም በወንበር ጀርባ ተደግፈው በቦታቸው ጉልበት እያነሱ ይርገጡ። ከሁለት ሳምንት በላይ ከተቋረጠ ካቆሙበት አትቀጥሉ፤ በ10 ደቂቃ ቀንሳችሁ ጀምሩ።

ደረጃ 4፦ ጡንቻ፣ በሳምንት 2 ቀን

ማክሰኞና ቅዳሜ ይበቃል፤ በመሐል ቢያንስ አንድ ቀን ዕረፍት ይኑር። ዋናው ከወንበር መነሳት ነው፦ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሁለት ዙር፣ በዙሩ መሐል 2 ደቂቃ ዕረፍት። በአንድ ሰከንድ ይነሱ፣ በሦስት ሰከንድ ይቀመጡ።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። እግር ወደ ፊት ርቆ ከተዘረጋ መነሳት አይቻልም፤ ተረከዙ ከጉልበት ትንሽ ወደ ኋላ ይግባ። ደረት ወደ ፊት ካልመጣ ሰውነት ወደ ኋላ ይወድቃል፤ «አፍንጫዎ ከእግር ጣትዎ በላይ ይምጣ» በሏቸው። ትንፋሽ ይዘው ከተነሱ ግፊት በድንገት ይወጣል፤ ሲነሱ ጮክ ብለው ይቁጠሩ፣ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም። መጨረሻ ላይ ዘፍ ብለው ከተቀመጡ የሚሠራው ግማሹ ብቻ ነው። ጉልበት የሚያማቸው ከሆነ መቀመጫው ላይ ብርድ ልብስ አጥፋችሁ ከፍ አድርጉ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ እጥፍ ቀንሱ። ከስፖርቱ በኋላ ሕመሙ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ በዝቷል ማለት ነው፤ በቀጣዩ ቀን ግማሹን ሥሩ።

የቀረው ቀላል ነው። ግድግዳ ይዘው ተረከዝን አንስቶ በእግር ጣት መቆም 10 ጊዜ፤ ከግድግዳ ክንድ ያህል ርቀው ቆመው ግድግዳውን መግፋት 10 ጊዜ፤ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በየእጃቸው አንድ አንድ ይዘው ክንድ ማጠፍ 10 ጊዜ። 12 ጊዜ በቀላሉ ሲሆን ወደ አንድ ሊትር ይቀየር።

ደረጃ 5፦ ሚዛን

በእርምጃው ሦስት ቀናት ማብቂያ ላይ 5 ደቂቃ። ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት ጥግ ውስጥ፣ ጀርባቸው ወደ ጥጉ ሆኖ፣ ፊት ለፊታቸው ወንበር አስቀምጡ፤ በየትም ቢያዘነብሉ የሚይዛቸው አለ። መጀመሪያ እግር ገጥሞ፣ ከ10 ሰከንድ ጀምሮ፣ ከዚያ አንዱን እግር ግማሽ ወደ ፊት አድርጎ፣ ከዚያ በአንድ መስመር፣ በመጨረሻ በአንድ እግር። አንዱን ምንም ሳይዙ 30 ሰከንድ መቆም ሳይችሉ ወደሚቀጥለው አይለፉ። ዓይን መጨፈን ከሰው ጋር ካልሆነ ፈጽሞ አይሠራም።

ደረጃ 6፦ ጭንቅላቱን አብሮ ማሠራት

ይህ የሚጨመረው ከ4ኛው ሳምንት በኋላ፣ እግሩ ከጠነከረ ነው። ቦታው ሜዳ ይሁን፤ መኪና መንገድ ሲሻገሩ ወሬም ጥያቄም ይቁም።

«እንቆቅልህ» ብሎ የልጅ ልጅ ይጀምር፣ እማማ «ምን አውቅልህ» ይበሉ። እግሩ ሳይቆም መልሱን መፈለግ ራሱ ልምምድ ነው፤ ካላወቁና አገር ከሰጡ ደግሞ የትኛውን አገር እንደሚሰጡ ማሰብ አለ። እንካ ስላንቲያ ከዚህ ይከብዳል፤ ቃሉ ቤት እንዲመታ መግጠምም ያስፈልጋል። በሌላ ቀን ከ100 ጀምረው ሦስት ሦስት እየቀነሱ ይቁጠሩ፣ ወይም ለወጥ የሚያስፈልገውን ሰባት ነገር ሲወጡ ነግራችኋቸው ሲመለሱ ይድገሙት። ቤት ውስጥ ኦሮምኛም አማርኛም የሚነገር ከሆነ አንድ ዕቃ በአንዱ፣ ቀጣዩን በሌላው ይጥሩ።

ትንሽ ከባድ ካልሆነ አይጠቅምም፤ በጣም ከከበደም ይሰናከላሉ። ልኩ ከአምስት መልስ አራቱን ማግኘት ነው። እግራቸው ከቆመ ወይም ከተጎተተ ጥያቄው ከብዷልና አቅሉት። እንደ ፈተና አትጠይቁ። «ትናንት ምን በሉ?» እያለ የሚያፋጥጥ ልጅ እናቱን ዝም ያሰኛታል።

ለሂፖካምፐስ የሚስማማው መንገድ ማግኘት ነው። በየሳምንቱ አንድ አዲስ መሄጃ ምረጡ፦ ከፈረንጅ አራዳ በሌላ ቅያስ፣ ወይም የአዌቱን ወንዝ በሌላው ድልድይ ተሻግሮ። ሲሄዱ እናንተ ምሩ፤ ሲመለሱ እማማ ይምሩ፣ እናንተ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሁኑ። ቢሳሳቱ ሃያ እርምጃ ያህል ታገሱ፤ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ቡናው፣ ጫቱና ጾሙ

ከእርምጃው በኋላ ቡና ይፈላ፣ ጎረቤት ይጠራ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ያለው ጨዋታ የሕክምናው አካል ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ግን እንቅልፍ ለሚነሳው ሰው ይቅር፤ እንቅልፍ ያጣ አንጎል የቀኑን አይመዘግብም። ጫት የሚቅሙ አባባ በቃሙበት ከሰዓት በኋላ በፍጥነት አይራመዱ። በረመዳን እርምጃው ከኢፍጣር ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ብርሃን ባለበት፣ አጠር ብሎ ይሁን፤ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከምግብ በኋላ ይውጡ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ጾሙ ሳይገባ ባለሙያ ያማክሩ። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ከጡንቻው ቀን አይጉደል።

12ኛው ሳምንት

አራቱን ልኬት ድገሙ። 40 ደቂቃ ሳያርፉ የሚራመዱ ከሆነና ግፊቱ ደህና ከሆነ፣ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበትን የጅሬን ዳገት ሞክሩ። ከሥሩ ድረስ በባጃጅ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ በእግር፣ ዕረፍት፣ እንደገና 10 ደቂቃ። ቁልቁለቱን በባጃጅ ይመለሱ፤ ጉልበት የሚጎዳውና እግር የሚያዳልጠው ሲወርዱ ነው።

ደረት ከጨመደደ፣ ቀዝቃዛ ላብ ከመጣ፣ ራስ ከዞረ ወዲያው ቁጭ ይበሉ፤ ካልተሻለ ሆስፒታል። ፊት በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ምንም አታብሉ አታጠጡ፤ ሰዓቱን ጽፋችሁ ወዲያውኑ ጅማ ሕክምና ማዕከል አድርሱ። ከወደቁና ጭንቅላታቸው ከተመታ፣ ደህና ቢመስሉም ለቀጣዮቹ ሳምንታት ራስ ምታትና ድብታ ተከታተሉ፤ በአዛውንት ላይ ደም ዘግይቶ ሊጠራቀም ይችላል።

በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ በድንገት የመጣ መደናገር የእርጅና ምልክት አይደለም። ወባ፣ የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ይታዩ። በሁለት ተከታታይ ልኬት እንስሳ የመጥራቱ ቁጥር ከቀነሰ፣ ወይም የሚያውቁት መንገድ ከጠፋባቸው፣ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከምና ድብርት ሁሉም መርሳት ያመጣሉ፣ ሁሉም ይታከማሉ፤ ሐኪሙ መቼ እንደጀመረ ሲጠይቅ ቀን የተጻፈበት ቁጥር በእጃችሁ ይኖራል።